መርዶ ያልደረሰው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ እንደተከፈተ የሟቹን ስም በትልቁ ጽፎ ሰላም አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ፈጥኖ በመዳፉ ሸፈነው፤ የሟቹ እናት ናካማራ ግን አይታ ፊቷን አዙራለች። በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች መንደር በዩንዱሙ የሟች ስም አይጠራም፣ ፎቶውም አይታይም፤ ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ያን ስም በአፉ የሚያነሳ ሰው የለም። ይህ ዕቃ ብቻ በተከፈተ ቁጥር ይጠራዋል።

"ዊንዶውሱን ሳልነካ ስሙን ብቻ ልቀይርልሽ እችላለሁ፤ ፎቶውም ዘፈኑም ይቀራል። አለዚያ ሊኑክስ የሚባል አለ፤ እሱን ከጫንኩ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል።"

"አዲሱ ልጄን ያውቀዋል?"

"ማንንም አያውቅም፣ እማ።"

"እንግዲያው እሱን አድርግልኝ። ፎቶውንስ ማን ደፍሮ ያየዋል?"

አሮጌው ተደምስሶ አዲሱ ተጫነ፤ ገና ከመነሳቱም የባለቤቱን ስም ጠየቀ። "ያንተን ጻፍበት" አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ጠጋኙ የልጇ ሞክሼ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የእሱም ስም አብሮ ተቀብሯል፤ በወጉ መሠረት አሁን ሟቹም እሱም በምትክ ስም "ኩማንጃይ" ነው የሚባሉት። ጣቱ ግን በልማድ የድሮ ስሙን የመጀመሪያ ፊደል ነካ። አጠፋውና ኩማንጃይ ብሎ ጻፈ።

"እንኳን ደህና መጣህ፣ ኩማንጃይ" አለ ላፕቶፑ። በዚህኛው ጊዜ ስክሪኑን የሸፈነ እጅ የለም። ናካማራ ጠጋ ብላ አየችውና፣ "ተጠርታችኋል እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ "አቤት በሉ እንጂ።"

ከሁለቱ ኩማንጃዮች አንዱ ብቻ አቤት አለ።