ጭሱ በየት ይውጣ?

«የጭስ ቧንቧው ይቅር፤ አዲሱን ኮርኒስ ያበላሽብናል» አለ ፋሂም ለበያጁ። እናቱ አፊፋ ይህን ስትሰማ እጇን ከብረት ምድጃው ላይ አነሳች። ከደዶ ጅማ ድረስ የወረዱት፣ በክረምት ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅ የእንጨት ምድጃ ሊመርጡ ነበር። ልጇ ግን የሚያወራው ስለ ቀለሙና እንግዳ እሳቱን ስለሚያይበት መስታወት ብቻ ነበር።

«ጭሱስ በየት ይውጣ?»

«መስኮት እንከፍታለን፣ ኡሚ።»

«በደዶ ብርድ?» አለች በንዴት። «አባትህም እንዲሁ ነበር ያለው! ከሰሉን መኝታ ቤት አስገብቶ መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ አለኝ። ብርዱ ሲጠናበት ዘጋው። ጠዋት ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አንተ የደረስከው ለቀብር ነው!»

በያጁ መዶሻውን አስቀመጠ። ፋሂም አንገቱን ደፍቶ «ኮርኒሱን እኮ ላንቺ ብዬ ነው ያሠራሁት» አለ።

«ለኔ ከሆነማ፣ ወላሂ እኔው እበሳዋለሁ!» አለችና ወደ በያጁ ዞረች። «ልጄ፣ ቧንቧው ከጣሪያው በላይ አንድ ክንድ ይለፍ። በዚህ ልክ አሁኑኑ ቁረጠው፤ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»