የጎረቤት መካን ተክል

ሲምቡ ጎረቤቷን ራኑምን የምትጠላበት ምክንያት ብዙ ነበር። ትልቁ ግን በራኑም በረንዳ ላይ የተንዠረገገው የጦጣ ማሰሮ የሚሉት ተክል ነው።

የቢዳዩ ጎሳ ሴቶች ይህን ተክል ድሮም ያውቁታል። ለነፍሳት ወጥመድ ብሎ በቅጠሉ ጫፍ የሚያንጠለጥላቸውን ማሰሮዎች ከጫካ ለቅመው፣ አጥበው፣ ለመከር በዓል ሩዝ በኮኮናት ወተት ይቀቅሉባቸዋል። መዝራት ግን የማንም ልማድ አልነበረም። የሚለቀምበት ኮረብታ ለድንጋይ ካባ ተብሎ ሲናድ የሲምቡ እናት አንድ ሥር ታቅፈው ወረዱ። ማሰሮው ደም የመሰለ ቀይ ነበር። አሮጊቷ ሲሞቱ ተክሉ ለሲምቡ ቀረ፤ እሷም ዘሩን ላለማጥፋት ማለች።

መማል ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አበባ ሁሉ ገለባ እየሆነ አቃጠላት። ፀጉር የሚያክለውን ዘር ብትበትነው፣ በላስቲክ ብትሸፍነው፣ ብትጸልይበት ወይ ፍንክች! በኋላ አፈሩን ትታ ከወንዝ ዳር የዛፍ ሽበት እየገፈፈች፣ የዝናብ ውሃ ብቻ እያጠጣች ስትዘራ በቀለላት። ሰሊጥ የሚያክሉ ማሰሮዎች ብቅ ብቅ ሲሉ ባየች ጊዜ አለቀሰች። «እጄ ነው» እያለች መንደሩን አደነቆረችው። ለሰው ግን አንዲት ችግኝ እንኳ አልሰጠችም።

ራኑም ባል አግብታ ከወንዝ ማዶ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ተክሏን ይዛ መጣች። ከዚያው ከተናደው ኮረብታ የወጣ ነው ትላለች፤ ሲምቡ አታምናትም። ማሰሮዎቹ የሲምቡን እጥፍ ያክላሉ። እንግዳ ሁሉ ፎቶ ለመነሳት ወደ ራኑም በረንዳ ሆነ። የሲምቡ የገዛ ባል ሳይቀር።

«አቤት የአንሴልም እናት ማሰሮ!» አላት አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ፣ እንደ መንደሩ ወግ ራኑምን በልጇ ስም ጠርቶ። «ሩዝ ሳይሆን ዶሮ ይቀቀልበታል እኮ!»

«እዚያው በልተህ አትመጣም ነበር ታዲያ?»

«ደግሞ ጀመረሽ።»

«መካን ናት! በየዓመቱ ታብባለች እንጂ አንዲት ፍሬ ይዛ ታውቃለች? በረንዳውን በቢጫ ብናኝ ከማቆሸሽ በቀር ምን ሠራች?»

ባልየው ሳቀ። ሳቁ ሲምቡን እንቅልፍ ነሳት።

ራኑም አንድ ጊዜ ልታወራት ሞክራ ነበር። «የጄሊን እናት፣ ስለ አበባሽ አንድ ነገር ልንገርሽ» ብላ ጀመረች።

«ስለ አበባዬ? መጀመሪያ ያንቺ ያፍራ፣ ከዚያ ትመክሪኛለሽ!»

ራኑም ተመልሳ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ተክል አንስታ አታውቅም።

ባለፈው የዝናብ ወራት ወንዙ ሞልቶ የሲምቡን ችግኞች በሙሉ ጠርጎ ወሰደ። አሮጌው ተክል ብቻ ተረፈ፤ እሱም ግንዱ እየደረቀ፣ ማሰሮው እያነሰ ነው። ዘንድሮ አንድ የአበባ ዘንግ አወጣ። ሌላ ዓመት እንደማይደግም ሲምቡ ታውቃለች። ከዚህ አበባ ዘር ካልወጣ የእናቷ ነገር አበቃ ማለት ነው።

ስለዚህ ትጠብቀው ጀመር። ደግሞም ድሮ ልብ ያላለችው ነገር ይከነክናት ነበር፤ አበባዋ ላይ አንዳንድ ዓመት ቢጫ ነገር ተነስንሶ ታገኝ ነበር። ማን ነሰነሰው? ምንስ ነው?

አበባው ሊፈካ በጀመረበት ንጋት መልሱን አገኘች። ራኑም በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ አበባው አጠገብ ቆማለች። በእጇ አበባውን ገና ያልነካ ቀጭን ብሩሽ ይዛለች፤ ጫፉ ቢጫ ነው።

«አንቺ!» አለች ሲምቡ።

ራኑም ደንግጣ ብሩሹን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች። «ጉንዳን… ጉንዳን ወሮት ሳየው ላራግፍልሽ ብዬ ነው።»

«ጉንዳን! የራስሽ አላፈራ ሲል የኔን በመርዝ ልታመክኚ! ውጪ ከዚህ!»

ራኑም በመጣችበት ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። ሲምቡ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈነች፤ ተክሉን በሽቦ አጥራ ቁልፍ አንጠለጠለችበት። አልበቃትም። ይህች ሴት ውበቱንም፣ እንግዳውንም፣ የባሏንም ሳቅ ወስዳለች፤ አሁን ደግሞ የእናቷን ዘር!

እሁድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ አፈላች። ወደ ራኑም በረንዳ ወጥታ የተክሉ ሥር ላይ አንደቀደቀችው። ተክሉ አብቦ ነበር፤ ሲነቃነቅ ቢጫው ብናኝ ክንዷ ላይ ረገፈ። አራግፋው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያን ቀን ምሳ ጣማት።

ሳምንት ሳይሞላ የራኑም ተክል እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። ግዙፎቹ ማሰሮዎች አንድ በአንድ ጠቆሩ። ራኑም ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ወደ ሲምቡ ደጅ መጣች። ሲምቡ ፊቷን በሐዘን ለውጣ ተቀበለቻት።

«የጄሊን እናት፣ ደረቀብን» አለች ራኑም።

«ደረቀብን? በእነማን ላይ? ደግሞስ ለመካን ይህን ያህል ይለቀሳል?»

ራኑም በነጠላ ጫማዋ መሬቱን ጫረች።

«ወንድ ተክል ምን ብሎ ይወልዳል፣ እህቴ? እኔስ ያጣሁት የበረንዳ ጌጥ ነው፤ ያንቺን ሴቷን ግን ከእንግዲህ በምን ብናኝ አስረግዝልሻለሁ?»