እፍኝ ስንት ግራም ነው?

ትርንጎ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብታ ስትገባ፣ የአምስት ዓመቷ ልጁ ሶልያና ከነዝምታዋ ተቀበለቻት። ልጅቷ አላስቸገረቻትም፤ ብቻ የሠራችላትን አትበላም። ሽሮውን በጣቷ ነካ ታደርግና «የእማዬ እንዲህ አይደለም» ብላ ሳህኑን ትገፋለች። በሦስት ወር ውስጥ ጉንጯ ሟሸሸ።

ትርንጎ የምትሠራው ኬክ ቤት ነው፤ ሁሉን ነገር በግራም ነው የምታውቀው። አንድ እሑድ ከሥራ ቦታዋ ሚዛን ተውሳ የሟች እኅት ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ እኅትሽ ሽሮውን በስንት ማንኪያ ነበር የምትሠራው?»

«ምን ማንኪያ ታውቅና! በእፍኟ ነበር እንጂ።»

«እፍኝ እኮ እንደ ሰዉ ነው።»

እኅትየዋ እጇን ዘረጋች። «ቀለበት እንዋዋስ ነበር። እጃችን አንድ ነው።»

ሽሮውን እየዘገነች ሚዛኑ ላይ አፈሰሰችው። ሁለት እፍኝ፣ ሰማንያ ስድስት ግራም። ቅቤውንም፣ ጨውንም መዘኑ። ትርንጎ ሚዛኑን ከመመለሷ በፊት ሁሉንም ወደ ማንኪያ ለውጣ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ለምሳ ሠርታ አቀረበች። ልጅቷ አንዴ ጎረሰችና ቆም አለች። ደግማ ጎረሰች። ፊቷ በራ። ትርንጎ የደስታ እንባዋን ልትጠርግ ዞር ስትል፣ ሶልያና ከወንበሯ ዘላ ወርዳ ወጥ ቤት ሮጠች። ከዚያ መኝታ ቤት። መጋረጃውን ገለጠች፣ አልጋው ሥር አጎንብሳ አየች።

እያለከለከች ተመለሰችና የትርንጎን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

«እማዬን የት ደበቅሻት?»