ሜትር የያዘች ልጅ

«ሜትር ይዞ ለመጣ ሰው በር እንዳትከፍት» ይል ነበር የኪን-ሎክ አባት። የተራራው ዳር ጎጇቸው ከመፍረሱ በፊት የመጡት ሰዎች ሜትር ይዘው ነበርና እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ደጋገመ።

ኪን-ሎክ ሻም ሹይ ፖ በሚባል የተጨናነቀ የከተማ ሰፈር ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሰፈሩ ባዶ ቦታ አላጣም፤ ግን የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው ፕላን ጉባኤ ካልፈቀደ አንድ ጡብ አይቀመጥም። አዲስ ቤት ካልተሠራ ያለው ይሸነሸናል። አከራያቸው ወይዘሮ ሳም አንዱን ቤት በችፑድ ስድስት ቦታ ከፍላዋለች።

የእናቱ ተሽከርካሪ ወንበር በበሩ አይወጣም። ያመጣው ዕለት ፈታትቶ አስገባው፣ ውስጥ ገጣጠመው፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ወንበሩም ደጅ አላዩም። ቀኑን ሙሉ በመስኮቷ ሰማይ ታያለች። እሱ ሲነጋ ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ሰፊ በር ስጠን» ይላል። በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን በኩል ለቤት ከተመዘገበ ዓመታት አልፈዋል፤ የጠራው የለም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እናቱ ደስ ብሏት ጠበቀችው። አንዲት ትሑት ልጅ መጥታ ወንበሩን ለክታ ሄደች አለችው።

«በምን ለካችው?»

«በሜትር ነዋ። በክንዷ ትለካው?»

ራቱን ትቶ ለወይዘሮ ሳም ሊነግራት ወጣ።

ወይዘሮ ሳም ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ሊቆም እንደሆነ ነገረችው። የሀብታም ነው፣ ሰማዩን ይጋርደዋል፣ ከዚያም ሠሪዎቹ የኛን ሊያፈርሱ ይዞራሉ አለች።

«ያ ፎቅ ከቆመማ አንድ ተከራይ አይቀረኝም። ያንተ አፍ ለጸሎት ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው? ጉባኤው ፊት ሄደህ ተናገር እንጂ።»

ልጅቷ ደግማ መጥታ አንኳኳች። ኪን-ሎክ በሩን ደግፎ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። እናቱ «አቤት» ልትል ስትል አፏን በእጁ ያዘ። ኮቴው ደረጃውን እስኪወርድ አልለቀቃትም።

የጉባኤው ቀን ባለሥልጣኖቹ በቢሮ ቋንቋ ሲነጋገሩ ግማሹ አልገባውም። ሜትር ከወገቧ ያንጠለጠለች ልጅ ጥቅል ወረቀት ታቅፋ ከወዲያ ጥግ ተቀምጣለች። ተራው ሲደርስ ቆቡን አውልቆ ተነሣ።

«እናቴ ከበር መውጣት አትችልም» አለ። «ያላት ያቺ መስኮት ናት። እባካችሁ፣ ቦታው ባዶውን ይቅር።»

አንዷ የጉባኤው አባል መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ፈቃዱ ተከለከለ።

ወይዘሮ ሳም በደስታ የተጠበሰ ዝይ ገዝታ አስያዘችው። ዝይውን አንጠልጥሎ ጌታን እያመሰገነ ደረጃውን ሲወጣ፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ሜትሩ ከወገቧ ተንጠልጥሏል። አልተቆጣችም። ጥቅሉን ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ያን ፎቅ ለተመዘገቡት ሊሠራ የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የእናንተ ቤት ምድር ወለሉ ላይ ነበር፤ በሩንም በእናትዎ ወንበር ልክ አስፍቼ ነበር የሳልኩት።»