የአያ ቢራራ ሳጥን

«ከጎንደር ወዲህ ይህን ስዕል እንደኔ አድርጎ የሚስል ካለ እጁን ያውጣ!» አለች እየሩስ፣ ወረቀቱን በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ በአራት ሚስማር ወጥራ። እጁን ያወጣ የለም። የደባርቅ የጭነት በቅሎ ባለቤቶች በጧቱ ብርድ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበርና እጅ ማውጣት ማንንም አላማረውም።

ስዕሉ እውነትም ያምራል። በአግድም አራት መስመር ተከፍሏል፤ የጎብኚ፣ የጸሐፊ፣ የተራ አስከባሪ፣ የባለበቅሎ። ሥራው ከአንዲት ቀጭን ክብ ይነሣና በቀስት ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል፤ ጥያቄ ያለበት ቦታ ዳይመንድ በሚሉት ባለ አራት ጫፍ ምልክት ላይ ቆሞ አዎ ወይም አይ ይባላል፤ ወፍራሟ ክብ ላይ ሲደርስ አበቃ።

«ምልክቱ ጃፓንም ጀርመንም አንድ ነው» አለች፤ ሦስት ወር ጎንደር ተቀምጣ የተማረችው ይህንኑ ነው። «አንድ ሰዓት የሚፈጀው ተራችሁ ከዛሬ ጀምሮ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። የሚያዘገየውን ሳጥን አግኝቼዋለሁ። አያ ቢራራ፣ ይምጡ እስቲ፣ ራስዎን ይፈልጉ።»

አያ ቢራራ ሠላሳ ዓመት ተራ ያስከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ መቶ አሥር በቅሎ ግን ከነባለቤቱ በቃላቸው ይዘዋል። ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሥተው ወረቀቱን እንደ ታመመ ከብት ግራና ቀኝ አዩት።

«የትኛው ነኝ፣ ልጄ?»

«ይቺ ናት። ላንብብልዎ? ድብዳብ ገልጦ ማየት፣ ከባለቤቱ ጋር ማንሾካሾክ። ማንሾካሾክ! አርባ ደቂቃ ሙሉ!» ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ሳቁ። ቀይ እስክሪብቶ አወጣችና ሳጥኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘቻት። «አሁን የሉም። ደህና ይግቡ።»

ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ጭነት አይጫንባትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በሰው ፊት «በቅሎህ ገጣባ ናት» የተባለ ሰው፣ ለእንስሳ የማያዝን ተብሎ ዓመት ሙሉ የገበያው መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ አያ ቢራራ ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ ገልጠው ቁስል ካዩ መልሰው ይሸፍኑና፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ቤት ትፈለጋለህ» ይሉታል። ሰውየው ዘመድ የታመመበት መስሎ በቅሎውን ስቦ ይሄዳል። ቁስሉ ሲጠግ ይመለሳል። ተራው አይነካበትም።

«እንግዲህ ቁስል ሲገኝ ለባለቤቱ ማን ይነግረዋል?» አሉ አያ ቢራራ።

«ዳይመንዷ ናታ! ቁስል አለ? አይ ከሆነ ይጫናል። አዎ ከሆነ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይነበብና ከተራ ይወጣል። ለዘንድሮ አበቃ።»

«በሰው ፊት?»

«ታዲያ በዛፍ ፊት ላንብብ?»

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ልደቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ያልሳቀ አንድ ሰው ቢኖር አባቷ አለምነህ ነው፤ በቅሎውን ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። ትናንት «የቢራራን ሳጥን ተይው» ብሏት ነበር። «አባዬ፣ አንተ ስለ በቅሎ እንጂ ስለ ሳጥን ምን ታውቃለህ?» አለችው። ዛሬ ጧት ይህንኑ ለአቶ ልደቱ እየሳቀች አውርታላቸዋለች።

መስቀል ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ጎብኚ መግባት ጀምሯል። አሁን ከተራ የወጣ እስከ ከርሞ ሥራ የለውም።

እየሩስ እጅጌዋን ሰብስባ የየበቅሎውን ድብዳብ ራሷ እየገለጠች ማየት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በቅሎዎች ደህና ናቸው። አራተኛዋ የፋንታዬ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከጃናሞራ የወረደች፣ ሦስት ልጆች በዚህች በቅሎ የምታሳድግ ሴት። ድብዳቡ ሲገለጥ እንቁላል የሚያህል ቁስል ታየ።

«እታለም፣ ሸፍኚው» አለች ፋንታዬ የእየሩስን እጅ ይዛ። «በሞቴ።»

«ፋንታዬ!» አለች እየሩስ በድምፅ ማጉያው። «በቅሎዋ ገጣባ! ከተራ ወጥታለች!»

«ፋንታዬ፣ እስቲ ዛሬ አንቺ ተሸከሚያት!» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፋንታዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የገመዱን ቋጠሮ መፍታት አቃታት፤ የረዳት የለም። እየሩስ ሰዓቷን አየች።

«አርባ ሰከንድ» አለች ወደ አቶ ልደቱ ዞራ። «አዩልኝ?»

እንዲህ እንዲህ እያለች ሰልፉን ጨርሳ አባቷ ዘንድ ደረሰች። ገመዱን አሳጥሮ ይዟል፤ አያያትም።

«የኛዋ ምን አለባት፣ ለወጉ ያህል ነው!» አለች በድምፅ ማጉያው፣ ሁሉም እንዲሰማ። ድብዳቡን አነሣችው።

ቀድሞ የደረሰው ሽታው ነው። ቁስሉ መዳፍ ያህላል። በቅቤ ተለስኖ ሰማያዊ ጨርቅ ተደርጎበታል፤ ጨርቁ የራሷ የድሮ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፣ ኪሱ እንኳ አልተፈታም።

ድብዳቡን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ፋንታዬ በቅሎዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ዞረች። እየሩስ ድምፅ ማጉያውን አጠፋችና ወደ አባቷ ጆሮ ተጠጋች።

«አባዬ…» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «ቤት ትፈለጋለህ።»

አለምነህ ንቅንቅ አላለም። አያ ቢራራ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ ተናገሩ።

«ይህን እኮ ሰርዘሽዋል፣ ልጄ። ጮክ በይ።»