ቅል የተደፋበት ገንፎ

የአሶሳው መድኃኒተኛ ሼህ ኻሚስ የልጅ ራስ ሲቆስል ቅርፊቱን ፍቀው በቀዘቀዘ የማሽላ ገንፎ ላይ ያሳርፉና ቅል ይደፉበታል። ነጭ ሻጋታ ካበቀለ ቆረቆር ነው ይላሉ።

ከራሷ ቅርፊት የተፋቀላት የኢንዓም ልጅ ግን ቅሉ ሳይነሣ ንዳድ ገደላት። እናቷ ሹሩባ እየሠራችላት ሳለ ነበር ትኩሳቱ የጣላት፤ የግራው ጉንጉን ሳያልቅ ተቀበረች።

ለቅሶው ሲበተን ኢንዓም ገንፎውን ልታይ ሼሁ ዘንድ መጣች።

«ይቅርብሽ ልጄ፣ ልጣለው» አሏት።

«ከእሷ የቀረኝ ይኸው ነው፤ ይክፈቱልኝ።»

ቅሉን አነሡት። ሻጋታው እንደ ፀጉር ረዝሟል። በቀኝ በኩል እስከ ጫፉ ተጎንጉኗል፤ በግራ በኩል ግን ጉንጉኑ እኩሌታው ላይ ቆሟል።

ሼሁ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው አፈገፈጉ። ኢንዓም ተንበረከከችና የጀመረችውን ልትጨርስ እጇን ሰደደች።

ሻጋታው፣ ልጇ ፀጉሯ ሲጎተት እንደምታደርገው፣ ወደ ጎን ሸሸት አለ።