የጥሩወርቅ ጉንዳኖች

በ1970 ዓ.ም. አብዮት ጥበቃዎች ጥሩወርቅን ከወሰዷት ወዲህ፣ በመስታወት ሣጥን ያሳደገቻቸውን ጉንዳኖች የሚቀልቧቸው አባቷ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ ጉግሳ ነበሩ። የወባ መድኃኒት ከተረጨበት ቤት የተያዘ በረሮ አይሰጧቸውም፤ ጢንዚዛም ቅርፊቱ ይጠነክርባቸዋል ብለው ይተዉታል። ለስላሳ ምስጥ ይመርጡላቸዋል።

ሰሞኑን ግን ጉንዳኖቹ ምስጡን አልነካም አሉ። ሣጥኑ ውስጥ አቶ ጉግሳ ያላስገቡት፣ ጥሩወርቅ ታደርግ እንደነበረው ክንፉ በጥንቃቄ የተነቀለ የእሳት ራት ተገኘ።

«የኔነሽ፣ አንቺ ነሽ ይህን ያበላሻቸው?»

«ኧረ እኔ እቴ! አጠገባቸውም አልደርስ!» አሉ ባለቤታቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ የኔነሽ ለልጃቸው ስንቅ ይዘው ወደ እስር ቤት ሲሄዱ፣ አቶ ጉግሳ በሩን ቆልፈው ሣጥኑ ፊት ተቀመጡ። በቀትሩ ሙቀት ሰፈሩ ሁሉ ጭር ብሏል። ድንገት ጉንዳኖቹ ተግተልትለው ወደ ክዳኑ ወጡ፤ የሚያበላቸው ሰው ሲጠጋ እንዲህ ያደርጋሉ። እሳቸው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ወይዘሮ የኔነሽ የምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዘው ቆመዋል።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አሉኝ» አሉ። «ለምን ብላቸው በሩን ዘጉብኝ።»

አቶ ጉግሳ ዕቃውን ሊቀበሉ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ የሣጥኑ ክዳን ከኋላቸው ቀስ ብሎ ሲከፈት ሰሙ። ወይዘሮ የኔነሽ በባላቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩና የምሳ ዕቃውን ለቀቁት።